የቁልፍ ቃል ውድድርን መመዘን፦ ትናንሽ የዩቲዩብ ቻናሎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከቦሌ አራብሳ፣ ከሱሉልታና ከቡራዩ በስልካቸው እየቀረጹ ቪዲዮ የሚለቁ ብዙ ሰዎች አሉ። ጓሯቸው ዶሮ የሚያረቡ፣ የኮንዶሚኒየም ፊኒሺንግ የሚሠሩ፣ ሹሩባ የሚሠሩ፣ ምግብ የሚያበስሉ። ሙያቸውን በደንብ ያውቁታል። ሰው ሰርች ሲያደርግ ግን የነሱ ቪዲዮ አይወጣም። ብዙዎቹ «ውድድሩ ከባድ ነው» ብለው ይተዉታል። ከባድ መሆኑን በምን አወቃችሁ ስላቸው ግን መልስ የላቸውም። እዚህ የሰበሰብኳቸው ጥያቄዎች ሁሉ የሚያጠነጥኑት በዚህ ላይ ነው፦ ሰው ሰርች ላይ በሚጽፈው ቃል፣ ማለትም በቁልፍ ቃል፣ ያለውን ውድድር እንዴት እንመዝን?

ውድድር ስንል ከማን ጋር ነው?

አንድ ሰው ዩቲዩብ ላይ ጽፎ ሲፈልግ ስልኩ መጀመሪያ የሚያሳየው ሦስት አራት ቪዲዮ ነው። በጣቱ ወደ ታች ከገፋ ጥቂት ይጨመራል። የእናንተ ተወዳዳሪዎች እነዚያ ናቸው። በርዕሱ ላይ አሥር ሺህ ቪዲዮ ይኑር መቶ ሺህ፣ ተመልካቹ እዚያ ድረስ ስለማይወርድ ለእናንተ ልዩነት የለውም።

ስለዚህ አንድ ቃል ከባድ ነው ወይስ ቀላል የሚለውን የሚወስነው፣ ላይ የተቀመጡት ቪዲዮዎች ሰውየው የጠየቀውን መመለስ አለመመለሳቸው ነው። ጥርት አድርገው ከመለሱለት ከባድ ነው። ዙሪያ ጥምጥም የሚሄዱ፣ ያረጁ ወይም ለሌላ ጥያቄ የተሠሩ ከሆኑ ለእናንተ ቦታ አለ።

200 ሰብስክራይበር ይዤ ከቴሌቪዥን ጣቢያ ቻናል በላይ መውጣት እችላለሁ?

በሁሉም ቃል አትችሉም። በአንዳንዱ ግን በደንብ ይቻላል።

ዩቲዩብ የሰርች ውጤት ሲደረድር በዋናነት ሦስት ነገር እንደሚያይ ራሱ ይናገራል። አንደኛው ተዛማጅነት ነው፤ ርዕሱ፣ ዲስክሪፕሽኑ፣ ታጉ (ቪዲዮ ስትለቁ የምታስገቡት መለያ ቃል) እና የቪዲዮው ይዘት ከተጻፈው ቃል ጋር ምን ያህል ይገጥማል? ሁለተኛው ተሳትፎ ነው፤ ያንን ቃል ጽፈው የመጡ ሰዎች ቪዲዮውን ምን ያህል ጊዜ ቆይተው አዩት? ሦስተኛው ጥራት ነው፤ ቻናሉ በዚያ ጉዳይ ላይ እውቀትና ተአማኒነት እንዳለው የሚያሳይ ምልክት አለ? ከዚህ ላይ ተመልካቹ ከዚህ በፊት የፈለገውና ያየው ነገር ይጨመርበታል።

የሰብስክራይበር ብዛት ከሦስቱ አንዱ ሆኖ አልተጠቀሰም። ትልቅ ቻናል ብልጫ የለውም ማለት ግን አይደለም። ሰው ስሙን ስለሚያውቀው ቶሎ ይጫነዋል፣ አምኖትም ይቆያል። ብልጫው ግን ርዕሱ ሰፊ ሲሆን ነው የሚጎላው። «የዶሮ እርባታ» ላይ ትልቁ ያሸንፋል። «የ45 ቀን ቄብ ዶሮ በቀን ስንት ግራም መኖ ትበላለች» ላይ ግን ትልቁ ቻናል ቪዲዮ የመሥራቱ ዕድል ራሱ ጠባብ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ጤናና ዜና ላይ ዩቲዩብ ታማኝ ብሎ የሚያስባቸውን ምንጮች ወደ ላይ ያወጣል። ስለ ስኳር በሽታ ወይም ስለ ደም ግፊት በቁልፍ ቃል እወዳደራለሁ ብሎ መነሳት ለትንሽ ቻናል አድካሚ ነው። ባለሙያ ካልሆናችሁ ደግሞ ለተመልካቹም አደጋ አለው።

እሺ፣ ገንዘብ ሳላወጣ ውድድሩን በምን ልየው?

በዓይናችሁ። መሣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ልመዱ፤ ከሁሉም በላይ የምተማመንበት መንገድ ይህ ነው።

መጀመሪያ የዩቲዩብ አፑን ኢንኮግኒቶ ላይ አድርጉት። ያለዚያ ዩቲዩብ የራሳችሁን ቪዲዮና የምታዘወትሩትን ቻናል ወደ ላይ ያመጣላችኋል፣ እናንተም «አንደኛ ወጥቻለሁ» ብላችሁ በከንቱ ትደሰታላችሁ። የጓደኛ ስልክ መዋስም ይቻላል፣ ግን የሱም ስልክ የራሱ ታሪክ አለው።

ከዚያ ቃሉን ተመልካች እንደሚጽፈው ጻፉት። ምሳሌ እንውሰድ፦ «ዶሮዎቼ እንቁላል ለምን አቆሙ»። የሚወጡትን አሥር ቪዲዮዎች ወረቀት ላይ አስፍሩ። የየቻናሉን ሰብስክራይበር፣ የቪዲዮውን እይታ፣ የወጣበትን ጊዜና የርዕሱን ቃላት ጻፉ።

አሁን ወረቀቱን አንብቡት። እንበል አንደኛው የአንድ ትልቅ ጣቢያ የ40 ደቂቃ ቃለ ምልልስ ነው፤ ሺህ ዶሮ ስላለው ባለሀብት ያወራል። ሁለተኛው ስለ ዶሮ ቤት አሠራር ነው። ሦስተኛው የአምስት ዓመት ቪዲዮ ሆኖ የመኖ ዋጋው የዛሬን አይመስልም። አራተኛው 600 ሰብስክራይበር ባለው ቻናል የተለቀቀ የስምንት ደቂቃ ቪዲዮ ሲሆን እይታው 20 ሺህ አልፏል።

ይህ አራተኛው ብዙ ይናገራል። እይታው ከሰብስክራይበሩ እጅግ ከበለጠ፣ ቪዲዮውን ያየው የቻናሉ ቤተሰብ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ከሰርች ወይም ከዩቲዩብ ጥቆማ የመጣ ብዙ ሰው አለ። ትንሽ ቻናል እዚያ መቀመጥ ከቻለ በሩ ክፍት ነው። በተቃራኒው አሥሩም የትልልቅ ቻናሎች ከሆኑ፣ ርዕሳቸው ቃሉን እንዳለ ከያዘና ዘንድሮ የወጡ ከሆኑ፣ ያንን ቃል ተዉትና ጠበብ ወዳለው ውረዱ።

ከዚያ ኮሜንት ውስጥ ግቡ። ይህንን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን የውድድሩ እውነተኛ መልክ የሚታየው እዚህ ነው እላለሁ። «የኔ ዶሮዎች ላባቸውን እያረገፉ ነው፣ በሽታ ይሆን?» «መብራት ጠፍቶብን ከሰነበተ በኋላ ቀነሱ፣ ይገናኛል?» ዓይነት ጥያቄ ተደርድሮ ማንም ካልመለሰ፣ ላይ የተቀመጠው ቪዲዮ ሰውን አላረካም። እናንተ ደግሞ መልሱን ታውቁታላችሁ። ዶሮ እንቁላል የመጣሏ ነገር ከብርሃን ጋር የተያያዘ ነው፤ አርቢዎች በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን እንድታገኝ ያደርጋሉ፤ የእኛ አገር ቀን ደግሞ 12 ሰዓት አካባቢ ነው። አምፖል አብርቶ ያመሽ የነበረ ሰው መብራት ሲጠፋበት እንቁላሉ ቢቀንስ አይገርምም። ላባ ማርገፍም የራሱ ጊዜ አለው፤ በዚያ ወቅት እንቁላል ይቀንሳል ወይም ይቆማል። ሁለቱን ጥያቄዎች ለብቻ ለብቻ የመለሰ የስድስት ደቂቃ ቪዲዮ ከ40 ደቂቃው ቃለ ምልልስ ጋር በዚያ ቃል ላይ ሊፎካከር ይችላል።

ብዙ ዳታ ይበላል ብላችሁ አትስጉ። የምታዩት ዝርዝርና ኮሜንት ነው። ቪዲዮውን ከፍታችሁ ማየት ካስፈለጋችሁ ጥራቱን ወደ 144 ዝቅ አድርጉት።

ቃሉን ራሱ ከየት ላምጣ?

ከሰርች ሳጥኑ። «የዶሮ እርባታ» ብላችሁ ክፍት ቦታ ተዉና ሀ ጻፉ፣ ከዚያ ለ፣ ከዚያ መ። ዩቲዩብ ከሥር የሚዘረዝራቸው ሰዎች ከሚጽፉት የተነሡ ናቸው። «እንዴት»፣ «ለምን»፣ «ስንት»፣ «ዋጋ» የሚሉትንም ከፊት ወይም ከኋላ እየጨመራችሁ ሞክሩ። ስንት ሰው እንደጻፈው አይነግራችሁም፤ የሚጽፍ ሰው እንዳለ ግን ይጠቁማችኋል።

ሁለተኛው ምንጭ ደንበኛችሁ ነው። ፊኒሺንግ የምትሠሩ ከሆነ ሰው ስልክ ደውሎ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁን አስታውሱ። «ለስቱዲዮ ቤት ጅብሰም ስንት ይፈጃል?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። «የማጠናቀቂያ ሥራ ወጪ ግምት» የሚል ሰው አልገጠመኝም። አፍ ላይ ያለው ቃል ነው ሰርች ላይም የሚጻፈው።

«ፀጉር» ልበል ወይስ «ጸጉር»?

ይህ ለአማርኛ ቻናል ከሁሉም የሚበልጥ ጥያቄ ነው፣ ግን የሚጠይቀው ሰው ጥቂት ነው።

ተመልካቹ ኪቦርዱ ላይ የቀለለውን ነው የሚጽፈው። ፀ ወይ ጸ፣ ሠ ወይ ሰ፣ ሐ ወይ ሀ፣ ዓ ወይ አ። «ፀጉር አሠራር» የሚለው ብቻ በአራት መንገድ ይጻፋል። አራቱንም ለየብቻ ፈልጋችሁ እዩ፤ የሚወጣው ዝርዝር አንድ ላይሆን ይችላል። በአንዱ ሆሄ ላይ ትልልቆቹ ተደርድረው በሌላው ላይ ልል ያለ ዝርዝር ካገኛችሁ፣ ጥሩ ፍንጭ ነው። ሰርች ሳጥኑ የትኛውን አጻጻፍ እየሞላ እንደሚያሳያችሁም እዩ።

ከዚህ ሌላ አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፍ ብዙ ሰው አለ፤ በተለይ ውጭ አገር ያለው። ያንንም እንደ ሌላ ቃል ቆጥራችሁ መዝኑት። ርዕሱ ውስጥ ዋናውን አጻጻፍ አስገቡ፤ ርዕስ እስከ 100 ሆሄ ብቻ ስለሚይዝ ሁሉንም ላጭቀው አትበሉ። ሌላው አጻጻፍ ዲስክሪፕሽን ውስጥ በአረፍተ ነገር ውስጥ ይግባ። እዚያ 5,000 ሆሄ ድረስ ቦታ አለ።

ታግስ?

ዩቲዩብ ራሱ የታግ ሚና በጣም ትንሽ እንደሆነ ይናገራል። የሚጠቅመው ሰው ብዙ ጊዜ አሳስቶ ለሚጽፈው ቃል ነው። ስለዚህ የቀሩትን አጻጻፎች እዚያ አስቀምጡና ወደ ሌላ ሥራ እለፉ።

ቪድአይኪው ወይም ቲዩብባዲ የተባሉት የቁልፍ ቃል መሣሪያዎች የሚሰጡት የውድድር ነጥብ ይታመናል?

ነጥቡ የዩቲዩብ አይደለም። ኩባንያዎቹ በራሳቸው ቀመር የሚያወጡት ግምት ነው። ለዚህም ነው አንዱ ቀላል ያለውን ሌላው ከባድ የሚለው። ብዙ ሰው በሚፈልገው የእንግሊዝኛ ቃል ላይ ግምቱ መነሻ ይሆናል። በአማርኛ ግን በጥንቃቄ እዩት። «ውድድሩ ዝቅተኛ» የሚል አረንጓዴ ቀለም ስታዩ ሦስት ትርጉም ሊኖረው ይችላል፦ በእርግጥ ቦታ አለ፤ ወይም ቃሉን የሚጽፍ ሰው የለም፤ ወይም መሣሪያው በቂ መረጃ አላገኘም። አረንጓዴው ሦስቱን አይለይላችሁም። የምትለዩት አሥሩን ቪዲዮ በዓይናችሁ አይታችሁ ነው።

የጎግል ማስታወቂያ የቁልፍ ቃል እቅድ ማውጫ የሚጠቀሙም አሉ። እዚያ «ውድድር» የሚለው አምድ በቃሉ ላይ ማስታወቂያ ለማውጣት የሚሻሙ ድርጅቶችን ነው የሚለካው። ከቪዲዮ ደረጃ ጋር አይገናኝም። የፍለጋ ብዛቱም የዩቲዩብ አይደለም። ይህን ሳያውቁ ወር ሙሉ የሚደክሙ ልጆች አይቻለሁ፣ ያሳዝነኛል።

ነጻውን እትም ሞክሩ። ለመክፈል ግን አትቸኩሉ። በዶላር የሚከፈል ነገር ስለሆነ ያ ገንዘብ ማይክ ቢገዛ ይሻላችኋል።

ምንም ውድድር የሌለበት ቃል አገኘሁ። ልሥራው?

ቀስ በሉ። ባዶ መሬት ሁሉ ለሱቅ አይሆንም፤ አላፊ አግዳሚ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሰርች ሳጥኑ ቃሉን አይሞላላችሁም፣ ተመሳሳይ ርዕስ ያላቸው ቪዲዮዎች በዓመት መቶ ሰው እንኳ አላያቸውም፣ ኮሜንት ውስጥም የጠየቀ የለም? እንግዲያው ውድድር የሌለው ፈላጊ ስለሌለው ነው።

አንዱ ምልክት ካለ ግን ሥሩት። በተለይ ሰው ፊት ለፊት ጠይቋችሁ የሚያውቅ ከሆነ አትጠራጠሩ። አንድ ሰው የጠየቀውን ሌላውም ስልኩ ላይ ይጽፈዋል።

ጎግል ትሬንድስ (አንድ ቃል በየጊዜው ምን ያህል እንደተፈለገ የሚያሳየው ገጽ) ላይ «በቂ መረጃ የለም» ይለኛል። ምን ላድርግ?

ሁለት ነገር አስተካክሉ። ከላይ «የድር ፍለጋ» የሚለውን ወደ «ዩቲዩብ ፍለጋ» ቀይሩት። አገሩንም ከኢትዮጵያ ወደ ዓለም አቀፍ አድርጉት፤ አማርኛ ተመልካች ዋሽንግተንም ዱባይም አለ። አሁንም እንቢ ካለ ሰፋ ያለውን ቃል ሞክሩ።

ከ0 እስከ 100 የሚያሳየው ቁጥር የሰው ብዛት አይደለም። 100 ማለት በመረጣችሁት ጊዜ ውስጥ ቃሉ ከፍ ያለበት ነጥብ ነው። የዩቲዩብ ፍለጋው መረጃ እስከ 2008 ድረስ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ወቅትን ለማየት ይጠቅማል። «የጾም ምግብ» በሁዳዴ፣ «ዶሮ ወጥ» በበዓል ሰሞን፣ «ድፎ ዳቦ» በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ይፈለጋል ብላችሁ ከገመታችሁ፣ ግምታችሁን እዚያ ማረጋገጥ ትችላላችሁ።

ወቅት ደግሞ ውድድሩንም ይለውጠዋል። ፋሲካ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ትልልቆቹ ሁሉ የዶሮ ወጥ ቪዲዮ ይለቃሉ። ትንሽ ቻናል ከሳምንታት በፊት ለቆ ከጠበቀ፣ ሰው መፈለግ ሲጀምር የሱ ቪዲዮ ተሳትፎ ሰብስቧል። የሁዳዴ 55 ቀን ረጅም ነው፤ የመጀመሪያው ሳምንት ጥያቄና የመጨረሻው ሳምንት ጥያቄ አንድ አይደለም። መጀመሪያ ላይ ሰው ሽሮና ስልጆ ይጠይቃል፣ መጨረሻ ላይ «ለየት ያለ የጾም ምግብ» ይላል።

የሰፈሬን ስም ርዕስ ውስጥ ላስገባ?

ቦታው ለጥያቄው የሚያስፈልግ ከሆነ አዎ። ለዶሮ ወጥ አያስፈልግም። ለኪራይ፣ ለታክሲ፣ ለውሃ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለቤት ዕድሳት ግን ወሳኝ ነው።

ከከተማው ዳር ላለን ሰዎች ጥሩ ዕድል ያለው እዚህ ይመስለኛል። «ኮዬ ፈጬ» ወይም «ቦሌ አራብሳ» ብላችሁ ፈልጉ። ከሚወጡት ብዙዎቹ የደላላ የቤት ሽያጭ ቪዲዮዎች ናቸው። ዕጣ ደርሶት ገና ሊገባ ያሰበ ሰው ግን የሚፈልገው ሌላ ነው። ጠዋት ወደ መገናኛ ታክሲ ከየት ይያዛል? አምስተኛ ፎቅ ላይ ውሃ ይደርሳል? ታንከር ለማስቀመጥ ምን ያስፈልጋል? እሱ ሽያጭ አይቶ ይወጣል፣ ሌላ ይከፍታል፣ እሱንም ይዘጋል። በእይታ ቁጥር ብቻ ካያችሁት እነዚያ የሽያጭ ቪዲዮዎች የማይደፈሩ ይመስላሉ። ለዚህ ሰው ጥያቄ ግን አንዳቸውም መልስ አይደሉም፤ እዚያው የሚኖር ሰው ስልኩን ይዞ ደረጃውን እየወጣ ቢያሳየው ግን እስከ መጨረሻው ያየዋል።

የሰፈሩን ስም ሰው በተለያየ መንገድ እንደሚጽፈውም አትርሱ። ከላይ ስለ ፀ እና ጸ ያልኩት እዚህም ይሠራል።

በአፋን ኦሮሞ ብሠራስ?

ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ ያላችሁ ሁለቱንም የምትናገሩ ከሆነ አስቡበት። ራሱን የቻለ ሰርች ነው። በቁቤ የሚጻፈው ቃል የራሱ አሥር ቪዲዮ አለው፣ ምዘናውንም ከመጀመሪያው መድገም ያስፈልጋል። በአማርኛ የተጨናነቀው ርዕስ እዚያ ሊላላ ይችላል፤ ተቃራኒውም ይሆናል። አንድ ቪዲዮ ውስጥ ሁለቱን ቋንቋ ከመቀላቀል ለየብቻ መቅረጽ ይሻላል። ግማሹን ያልተረዳው ተመልካች ጥሎ ይሄዳልና።

ሾርትስ ውጤቱን ይረብሽብኛል፣ ልቁጠረው?

ረዥም ቪዲዮ ልትሠሩ ከሆነ አትቁጠሩት። በፍለጋ ማጣሪያው ቪዲዮ የሚለውን ብቻ መርጣችሁ እዩ። ሾርትሱ በሙሉ ለአንድ ጥያቄ መልስ ከሰጠ ግን ያ ጥያቄ በ40 ሰከንድ የሚያልቅ ሊሆን ይችላል፤ እናንተም አታስረዝሙት።

ቪዲዮውን ለቀቅኩ። የገመትኩት ልክ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

የሰርች እይታ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ በሁለተኛው ቀን አትፍረዱ። ጥቂት ሳምንታት ስጡትና ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ቪዲዮውን ክፈቱ። አናሊቲክስ፣ ከዚያ ሪች በሚለው ውስጥ የትራፊክ ምንጮችን ታገኛላችሁ። «ዩቲዩብ ሰርች» የሚለውን ስትነኩት ሰዎች ጽፈው ወደ እናንተ የመጡባቸው ቃላት ይዘረዘራሉ።

ያሰባችሁት ቃል ዝርዝሩ ውስጥ ካለ ምዘናችሁ ልክ ነበር። ከሌለ ሁለት ነገር ለዩ። ቪዲዮው ለሰው ታይቶ አልተጫነም? ያኔ ችግሩ ተምኔሉ (ቪዲዮው ሳይከፈት የሚታየው ምስል) እና ርዕሱ ላይ ነው። ከዩቲዩብ ቻናሎችና ቪዲዮዎች ግማሹ ከታየባቸው ጊዜ ከ2 እስከ 10 በመቶ ነው የሚጫኑት፤ ስለዚህ 4 በመቶ አይታችሁ አትደንግጡ። ጭራሽ ካልታየ ደግሞ ወይ ፈላጊ የለም፣ ወይ ላይ ያሉት በርትተዋል፤ ያንን አሥር ቪዲዮ ያሰፈራችሁበትን ወረቀት አውጡና እንደገና ፈልጉ፣ ምን እንደተለወጠ እዩ።

ሦስተኛ ነገርም አለ፣ እሱን በጣም እወደዋለሁ። አንዳንዴ ዝርዝሩ ውስጥ ያላሰባችሁት ቃል ይመጣል። «የኪችን ካቢኔት ዋጋ» ብላችሁ የሠራችሁትን ሰዎች «ለጠባብ ኪችን ካቢኔት» ብለው ጽፈው ያገኙታል። ያ ቃል ላይ ሳታስቡት ቦታ አግኝታችኋል። የቆየውን ቪዲዮ ርዕስ አትንኩት፤ የሚቀጥለውን ቪዲዮ በዚያ ቃል ሥሩ፣ የስቱዲዮ ቤት ኪችን በሜትር እየለካችሁ።